ለግራ እጅ የተቆረጠ ብዕር

ኢሕሳን የአባቷን ብዕሮች ይዛ ወደ አም ነሲም ሱቅ የሄደችው አባቷ በሞቱ በአምስተኛው ወር ነው። ቀደም ብላ መሄድ ትችል ነበር። ካይሮ ከገባች ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ ሱቁም ከምታስተምርበት የስደተኞች ትምህርት ቤት በሜትሮ አራት ፌርማታ ነው። ነገር ግን አባቷ በሕይወት ሳሉ ፈራች። ብዕሮቹ ተጠግነው ካለቁ ይዛቸው የምትመለስበት ቤት እንደሌለ የዚያን ዕለት የሚረጋገጥባት መሰላት። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ለማን ብላ ታስጠግናቸው? አልጋዋ ሥር እንደተቀመጡ ከረሙ።

አባቷ ሐጅ አልቲጃኒ በሱዳን፣ በኦምዱርማን ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አርባ አንድ ዓመት ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። መሬቱን የተነጠቀ፣ ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ልጁ የታሰረበት ሁሉ ፊታቸው ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ እሳቸው ሰምተው ይጽፋሉ። ዳኞቹ ፊርማውን ሳያዩ ከፊደሉ ብቻ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ሲገባ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከቤቴ አልወጣም አሉ። ኢሕሳን ለመነች፣ አለቀሰች፣ እንግዲያው እኔም አልሄድም ብላ ተቀመጠች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አሮጌ የሐላዋ ቆርቆሮ አምጥተው ጭኗ ላይ አኖሩላት። አምስት ብዕሮች አሉበት።

«እነዚህን ካይሮ ወስደሽ አስጠግኚልኝ» አሏት። «መሐል ከተማ፣ የሱቆቹ መተላለፊያ ውስጥ፣ አም ነሲም የሚባል ቅብጥ አለ። እሱ ያውቃቸዋል።»

«ጥይት እየዘነበ ስለ ብዕር ነው የሚያወሩት፣ አባዬ?»

«ሥራ ነው የሰጠሁሽ። ሂጂ።»

እንድትሄድላቸው የፈጠሩት ሰበብ እንደሆነ አላጣችውም፤ ግን ሄደች። የአክስቷ ልጅ ሲታና ከነባሏና ከነልጆቿ በአውቶቡስ ወደ ድንበሩ ስትወጣ አብራ ወጣች። ከአምስት ወር በላይ ስልኩ አልፎ አልፎ ብቻ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ዑመር የሚባለው ጎረቤታቸው ደወለ። ሐጅ አልቲጃኒ ለሦስት ቀን ታመው መሞታቸውን፣ መንገዱ ላይ ተኳሾች ስላሉ መቃብር ቦታው ድረስ መውሰድ እንዳልተቻለ፣ ግቢው ውስጥ እንደቀበሯቸው ነገራት። «በሥርዓቱ ነው ያደረግነው» አላት፤ ሁለት ጊዜ ደጋገመው። የግቢው የትኛው ጥግ እንደሆነ ልትጠይቀው ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዑመርን አግኝታው አታውቅም።

ቆርቆሮውን ከአልጋ ሥር ያወጣችው ሲታና ናት። ሰባት ሰው በሁለት ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ዕቃ ሁሉ እግር ላይ ይጠመጠማል። ሲታና ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ቆርቆሮውን ለሦስተኛ ጊዜ በእግሯ ከመታችው በኋላ፣ ወይ አስጠግኚያቸው ወይ ለሚሸጥ ስጪያቸው፣ እንዲህ ታቅፈሻቸው እስከ መቼ አለቻት። ኢሕሳን በነጋታው ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት የሚወስደውን ሳይሆን ወደ መሐል ከተማ የሚሄደውን ባቡር ያዘች።

የአም ነሲም ሱቅ ስፋቷ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያቆም አይደለም። ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን በላስቲክ ግንባራቸው ላይ አስረው ተቀምጠዋል፤ ጣቶቻቸው እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ሰማያዊ ናቸው። አስተማሪ መሆኗን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከአነጋገሯ አውቀው «ኡስታዛ» ማለት ጀመሩ። ሻይ አዘዙላት። ቆርቆሮውን ከፈቱና የማን እንደሆኑ ጠየቁ።

«የአባቴ።»

«ዕድሜ ይስጣቸው።»

«ሞተዋል» አለች። ለማያውቃት ሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

አም ነሲም ነፍስ ይማር ብለው አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግተው ብዕሮቹን አንድ በአንድ ደረደሩ። ወፍራሙን ጥቁር አንሥተው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ውስጡ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። አሜሪካ የተሠራ ነው፣ እኔ ልጅ ሳለሁ የወጣ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ደርቆ ተሰባብሯል አሏት። ጫፉን በመነጽራቸው ረዘም አድርገው አዩትና ስለ አባቷ ይነግሯት ጀመር፤ በቀኝ እጃቸው እንደሚጽፉ፣ ብዕር ተጭነው እንደማይጽፉ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደሚጽፉ። እውነታቸውን ነው። ኒሙ ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ ጣውላ አድርገው ነበር የሚጽፉት።

ክዳኑ የሚያብለጨልጨውን ደግሞ ገና ሲያዩት ፈገግ አሉ። ወርቁ ቅብ ነው፣ ሥሩ ናስ ነው አሉ። አባቷ ይህን ብዕር እንግሊዛዊ ዳኛ ለመምህራቸው የሸለመው ንጹሕ ወርቅ ነው እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል። «ኦምዱርማን እንዳይሰማ» አለች ኢሕሳን፤ ሽማግሌው ሳቁ። ሁለቱ፣ የሕንዱና የቻይናው፣ ርካሽ ናቸው። «ግን እነዚህ ናቸው ቤቱን ያኖሩት» አሉ አም ነሲም። «ጫፋቸው አልቋል። ልጆቹን ያበላው እነዚህ የጻፉት ነው።»

አምስተኛው ጥቁር አረንጓዴ፣ መስመር መስመር ያለበት የጀርመን ብዕር ነው። ክዳኑን ፈተው ጫፉን አዩት። ገለበጡት። መነጽሩን ወደ ግንባራቸው መልሰው በባዶ ዓይናቸው አዩት፤ ከዚያ እንደገና በመነጽሩ።

«ይኼ የሳቸው አይደለም» አሉ።

«ከሌሎቹ ጋር ነው የነበረው።»

«ይሁን። ግን አልጻፉበትም። ማንም አልጻፈበትም። ደግሞ ተመልከቺ፤ ለዓረብኛ ጽሕፈት ጫፉን ገደድ አድርገን ነው የምንቆርጠው። የዚህ ገደዱ ወደዚያኛው ወገን ነው። ለግራኝ ነው የተቆረጠ።» ጫፉን ነቅለው ከሥሩ ያሉትን ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች አሳዩዋት። «የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ይቺ የኔ ምልክት ናት።»

ኢሕሳን የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ረጅም ሰው ናቸው?» አሉ አም ነሲም። «ነጭ ጥምጣም፣ ጉንጫቸው ላይ በየጎኑ ሦስት ጠባሳ?»

«አዎ።»

«ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። አልረሳቸውም።»

ያልረሱበትን ምክንያት ነገሯት። ሰውየው ገብተው ለግራኝ የሚሆን ብዕር ፈለጉ። አም ነሲም፣ እንዲህ ያለ ነገር ባለቤቱ ሳይኖር አይሠራም፣ አያያዙን ማየት አለብኝ አሉ። ሰውየው ባለቤቱ ሩቅ አገር ነው አሉ። ከዚያ ጥቂት አስበው፣ እንግዲያው እኔ በሱ ፋንታ ልያዘው አሉ። አሁን ኢሕሳን የተቀመጠችበት ቦታ ተቀምጠው፣ ያ ፊደላቸው እንደ ማተሚያ የሆነ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በግራ እጃቸው ሲጽፉ ቆዩ። አም ነሲም ጫፉን ጥቂት ይስላሉ፤ ሰውየው ይሞክራሉ፤ አልሆነም ይላሉ፤ እንደገና ይስላሉ። ላባቸው ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«የሙከራ ደብተሮቼን አልጥልም» አሉ ሽማግሌው። «ገጹን ፈልጌ አገኘዋለሁ። ብዕሮቹም እስከዚያ ይደርሳሉ። በሳምንቱ ነዪ።»

ወደ ቤት ስትመለስ መውረድ የነበረባትን ፌርማታ አለፈችው፤ ሁለተኛውንም አለፈችው። መስመሩ ማለቂያ ላይ ሠራተኛው መጥቶ፣ ውረጂ ሐጃ፣ ባቡሩ እዚህ ድረስ ነው አላት።

ሃሺም ታናሽ ወንድሟ ነው። ግራኝ ሆኖ ተወለደ። በሌላ ቤት ቢሆን ተስቆበት ይታለፍ ነበር ይሆናል። በራፖር ጸሐፊ ቤት ግን በርጩማውንና ብዕሩን የሚወርሰው አንድ ወንድ ልጅ በግራ እጁ ሲጽፍ መታየቱ ውርደት ነበር። አባታቸው መጀመሪያ መከሩት፤ ቀጥለው መቱት። ሰባት ዓመት ሲሞላው ከጥምጣማቸው ቁራጭ ቀድደው ግራ እጁን ከወንበሩ ጋር ማሰር ጀመሩ፤ በየቀኑ ከቀትር በኋላ እስከ መግሪብ ሶላት። ኢሕሳን አጠገቡ ተቀምጣ ፊደሉን ታርምለት ነበር። እጇ እንደ አባቷ ስለሆነ ትመሰገናለች፤ ሃሺም በቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ የጻፈው ዓይኑ እያየ ይቀደዳል። ልጁ አያለቅስም፤ ወረቀቱን አይቶ ሌላ ወረቀት ይጠብቃል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው በጭነት መኪና ወደ ሊቢያ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አባታቸው ስሙን አልጠሩም። እናታቸው በሁለተኛው ዓመት ታመው ሲሞቱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠሩት ነበር። ውሃ ስታጠጣቸው የነበረችው ኢሕሳን ናት፤ ዓይናቸውን ገልጠው አንዴ እንኳ የሷን ስም አላሉም።

እናትየው ከሞቱ ሁለት ዓመት በኋላ ከቤንጋዚ ደብዳቤ መጣ፤ ቤት ሳይሆን ኢሕሳን ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት። ያኔ ትዳሯ ፈርሶ አባቷ ቤት ተመልሳ ነበር። ሃሺም የእናቱን ጤና ጠየቀ። የሱቅ ሰሌዳ እየጻፈ እንደሚኖር ገለጸ። አባቴ ይቀበለኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ ና ካልሽኝ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ አለ። ኢሕሳን አልጠየቀችለትም። መምህራን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ በዚያው ሰዓት መልስ ጻፈች፤ በዚያ በተመሰገነው ጽሕፈቷ። እናትህ ስትጠራህ ሞታለች፣ አባትህ ስምህ እንዲነሣ አይፈልግም፣ ባትመጣ ይሻላል። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ስትጥል እውነት የጻፈች መስሏት ነበር። ከሄደ ወዲህ ስሙን በአፋቸው ጠርተው የማያውቁ አባት ምን ሌላ ሊያስቡ ይችላሉ? ሌላ ደብዳቤም አልመጣም። ለአባቷ አልነገረችም።

አሁን ዓመቶቹን በጣቷ ቆጠረች። አባቷ ለዓይናቸው ብለው ካይሮ ደርሰው የተመለሱት ደብዳቤው ከመምጣቱ ዓመት ቀድሞ ነው። እሷ አትምጣ ብላ ስትጽፍ ብዕሩ ቤት ውስጥ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ ስትሄድ ብዕሮቹ ጨርቁ ላይ ተሰልፈው ጠበቋት። ጥቁሩ አዲስ ከረጢት ገብቶለታል፣ የናሱ ክዳን ተወልውሏል፣ የሕንዱ ስንጥቅ ተደፍኗል። አም ነሲም ሥራቸውን ሲያሳዩ ደስ ይላቸዋል። ጥቁሩን ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ እንደዘፈዘፉት፣ የደረቀው ቀለም እየሟሟ ሲወጣ ውሃው ሦስት ጊዜ ሰማያዊ እንደሆነ አወሩላት። ኢሕሳን ውሃውን የት እንዳደረጉት ጠየቀች። ሽማግሌው ጥያቄው ቶሎ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸውና ፊታቸው ተለወጠ፤ ደፍተውታል። ይቅርታ ጠየቋት። ምንም አይደለም አለች።

ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥተው ገጹን ከፍተው አቀረቡላት። ገጹ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የሞነጫጨረው ይመስላል። ፊደሎቹ ይወድቃሉ፣ አንዱ ግዙፍ ሌላው ሚጢጢ ነው፣ ቀለሙ ቦታ ቦታ ላይ ወረቀቱን በስቷል። ሃሺም፣ ሃሺም፣ ሃሺም ይላል። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ወደ ታች ሲወርድ ትንሽ ይቃናል። ከዚያ አንድ መስመር፤ «ልጄ ሃሺም፣ ይህ ለእጅህ የተሠራ ነው።» ከገጹ ግርጌ፣ አሁን በቀኝ እጃቸው፣ ዳኞቹ በሚያውቁት ፊደል፣ ስማቸውና ቀኑ አለ።

ኢሕሳን ገጹን አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ከዚያ አንገቷን ሳታቀና፣

«እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት» አለች።

አም ነሲም መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወለቁ።

«ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። አባቴን ጠይቂልኝ ብሎ። አልጠየቅኳቸውም። አባትህ አይፈልግህም ብዬ ጻፍኩለት። እሳቸው ይኼን ሠርተው አስቀምጠው ነበር፣ አም ነሲም። እኔ ደግሞ ከሳቸው ብዕሮች በአንዱ ነው የጻፍኩት። በዚህ በሕንዱ።»

 መተላለፊያው ውስጥ ሰው ያልፋል፣ የሆነ ቦታ ራዲዮ ይናገራል።

«ወንድምሽ አሁን የት ነው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ፈልጊው» አሉ። «ሌላውን ምን ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም፣ ኡስታዛ። ባውቅ እነግርሽ ነበር።»

ገጹን ከደብተሩ ቀድደው ሊሰጧት ፈለጉ። እሳቸው ጋ ይሁን አለች፤ ቤት ውስጥ የምታስቀምጥበት የላትም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ሲታና አንብባ ትጠይቃታለች።

ፍለጋው ሁለት ወር ፈጀ። ቤንጋዚ ያሉ ሱዳናውያን ስልካቸው ላይ የሚሰባሰቡበት ማኅበር አለ፤ የሃሺምን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ግራኝ መሆኑንና የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ መሆኑን ጽፋ ላከች። ሰዎች ጸለዩላት። ብዙ ሃሺሞች ተገኙ፤ አንዱም የሷ አልሆነም። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ለዕረፍት ካስወጣች በኋላ ከማታውቀው ቁጥር ረጅም የድምፅ መልእክት ገባላት። ሰውየው ሻዚሊ እባላለሁ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ አለ። ድምፁ ያረጀና የዋህ ነው። ኢሕሳን ባዶ ክፍል ውስጥ ቆማ ሰማችው።

ከሃሺም ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል። ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። በግራ እጁ የሚጽፈው ሰሌዳ እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ፤ ሰው ከሌላ ሰፈር እየመጣ ያጽፈው ነበር አለ። ከሀገር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ደብዳቤ ሲደርሰው አስታውሳለሁ። ቆሞ አነበበው። ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው እናቴ ሞታለች አለኝ፤ ሌላ አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ወደ ኦምዱርማን የሚሄድ ሰው ሲገኝና ደብዳቤ አለህ ወይ ሲባል፣ የሚጠብቀኝ የለም ይል ነበር። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት በክረምት ሰሌዳ ሲጽፍ ከመሰላል ወደቀ። አልተነሣም። ለቤተሰቡ ልንነግር ፈልገን አድራሻ አጣን፤ ያችንም ደብዳቤ ዕቃው ውስጥ አላገኘናትም። ሻዚሊ በመጨረሻ፣ እኅቱ ከሆንሽ አላህ ያጽናሽ አለ፤ አንድም ቀን በክፉ ሲያነሣችሁ አልሰማሁም።

የመጨረሻይቱን ቃል ባይጨምራት ኢሕሳን ትችለው ነበር። ተማሪዎቹ ሲመለሱ አስተማሪያቸውን ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ውሃ አመጡላት። ትምህርቱን ጨርሳ ነው ወደ ቤት የሄደችው።

ለሲታና ሃሺም እንደሞተ ብቻ ነገረቻት። ሲታና አለቀሰች፣ ለሐዘን የመጡትን ጎረቤቶች ተቀበለች፣ ሻይ አፈላች። ሴቶቹ ኢሕሳንን አባትሽም ወንድምሽም ገነት ተገናኝተዋል እያሉ አጽናኗት። ቀና ብላ አላየቻቸውም። ተገናኝተው ከሆነ ስለ ደብዳቤው ተነጋግረዋል ማለት ነው።

ከሐዘኑ በኋላ ሲታና፣ ያ ለግራኝ ተቆርጧል ያልሽኝ አረንጓዴው ብዕር እንዲሁ ከሚቀመጥ ለትምህርት ቤቱ ብትሰጪው፣ አንድ ግራኝ ልጅ አይጠፋም አለቻት። በደግነት ነው ያለችው። ኢሕሳን በዚያ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችው ያን ቀን ብቻ ነው። ልጆቹ ደንግጠው ወደ ሌላኛው ክፍል ገቡ። ቆይታ ይቅርታ ጠየቀች፤ ምክንያቱን ግን አልነገረቻትም።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ጥቁሩን ብዕር ቀለም ሞልታ ለሻዚሊ ደብዳቤ ጻፈችለት። የወንድሜ መቃብር ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አስቁምልኝ፣ የሚያስፈልገውን እንደምንም እልካለሁ አለችው። ብዕሩ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ አም ነሲም ሥራቸውን ያውቃሉ። ፊደሏ ዛሬም የአባቷን ይመስላል። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥታ ላከችው።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሻዚሊ ሄዶ ፈልጎ ነበር። ያኔ የእንጨት ምልክት ነበር ያቆሙለት፤ እንጨቱ የለም። ግራና ቀኝ ብዙ አዲስ ሰው ተቀብሯል፣ ጠባቂውም ተለውጧል። የቱ ጋ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም፣ በግምት ድንጋይ አቁሜ የሌላ ሰው መቃብር ላይ የወንድምሽን ስም እንዳልጽፍ ፈራሁ አለ።

ኢሕሳን አመሰገነችው። ቸር ሰው ነህ፣ ስለደከምክ አላህ ይስጥልኝ አለችው። ብዕሩን አጠበች፣ አደረቀች፣ ክዳኑን ገጠመች። ሲታና ከወጥ ቤት ፉሉ እየቀዘቀዘ ነው፣ ነዪ ብዪ ብላ ጠራቻት። መጣሁ አለች። ሦስት ጊዜ እስኪጠሯት ድረስ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።